ከልጇ የምታንሰው እናት

ድሬዳዋ ውስጥ የልብ መለኪያው በር የቆመው ከዚራ ነው፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር። ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ያልፍበታል። በሩ ስቡ ገላው ላይ የት የት እንደተቀመጠ ያይና ልቡ ስንት ዓመቱ እንደሆነ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ሰልፈኛው ሁሉ ይሰማል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሰውየው ዕድሜ እሱ ነው። እናቱ የወለደችበት ዘመን «የድሮ ዕድሜ» ይባላል፤ ለጨዋታ ካልሆነ ማንም አያነሳውም።

በሁለት ሺህ አርባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ፍሬገነት መንበሩ እናቷን ይዛ ልትለካ ሄደች። ፍሬገነት የስፖርት አስተማሪ ናት፤ ሳቢያን በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ታሠለጥናለች። በድሮው አቆጣጠር አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ አስካለ ደግሞ ሰባ። አስካለ ከጎረቤቶቿ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጣ ካርታ ከመጫወት ሌላ የታወቀ እንቅስቃሴ የላትም።

ሁለቱም ቫይረሱ በደማቸው አለ። አስካለ ልጇን ስትወልድ ይህን አላወቀችም ነበር። መድኃኒቱ በነጻ መታደል ሲጀምር እናት ኪኒኑን፣ ልጅ ሽሮፑን ይዘው ተሰለፉ፤ ተረፉም። የዚያን ጊዜው መድኃኒት ታዲያ ነፍስ እያተረፈ ስብ እንደ ጓዝ ያዘዋውር ነበር። ከአስካለ ጉንጭ፣ ክንድና ባት ላይ ጠራርጎ ወሰደው፤ የት እንዳደረሰው አልታወቀም። ከፍሬገነት እጅና እግር የወሰደውን ግን ሆዷና ማጅራቷ ላይ አራገፈው። እናት እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብላ ቀረች። ልጅ ደግሞ በቀጫጭን እግሮች ላይ የቆመ ሆድ ይዛ፣ ማጅራቷ ላይ ጡጫ የሚያህል እብጠት ተሸክማ ቀረች። መድኃኒቱ ተቀይሮ ስንት ዓመቱ፤ ስቡ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ቫይረሱን የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ፍሬገነት አንድ ጊዜ ለተማሪዎቿ ስትነግራቸው አንዷ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ኤች አይ ቪ ምን የሚሠራ ድርጅት ነበር?» ብላታለች። ድሮ ሰው የሚደብቀው ኪኒኑን ነበር። አሁን የሚደበቀው ወገብ ነው።

አስካለ ቀድማ አለፈች።

«ሠላሳ ስምንት!» አለ በሩ። «ወጣት አስካለ፣ እንኳን ደስ አለሽ! በርቺ!»

ሰልፈኛው አጨበጨበ። ቀጥሎ ፍሬገነት ገባች። ባለፈው ዓመት ሃምሳ ሰባት ነበረች፤ ዘንድሮ ግን በሩ ታድሶ ማጅራት ማየት ጀምሯል። ድምፁን ዝቅ፣ ለስለስ አደረገ።

«ሰማንያ አንድ። እማማ ፍሬገነት፣ ደረጃው ላይ ቀስ ይበሉ።»

ከኋላዋ የቆመ ጎልማሳ ኮፍያውን አወለቀ። አንዲት ሴት ሮጣ መጥታ ክንዷን ደገፈቻት። አስካለ ጫማዋን እንደያዘች ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ኧረ አቦ!» አለች። «ልጄ ወለደችኝ!»

ፍሬገነት አልሳቀችም። ከስልሳ በላይ የሆነ ልብ ሥራ ላይ እንደማይቆይ ታውቃለች።

ትምህርት ቤቱ በሳምንቱ ሸኛት። ዳይሬክተሩ አቶ መሐዲ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሆነውን ልቡን ይዞ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ከዘራና ጋቢ ተሸለመች። በድሬ ሙቀት ጋቢ የተሰጣት እንድትለብሰው ታስቦ ሳይሆን ደንቡ እንደዚያ ስለሚል ነው። የቡድኗ ልጆች በተራ በተራ ጉልበቷን ሲስሙ ሰሚራ፣ ያቺ በግራ እጇ የምትመታው ልጅ፣ አልቅሳ ጋቢውን አረጠበችው።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ እኮ ከመልካ ጀብዱ ጋር ጨዋታ አለን። ጥለሽን ልትሄጂ ነው?»

«‹እርስዎ› በያት» አለ አቶ መሐዲ።

ይህ ነገር ድሬዎችን አስጨንቋቸው ነበር። የድሬ ሰው አባቱንም ከንቲባውንም «አንተ» እያለ ያደገ ነው። የልብ ዕድሜው አዋጅ ግን ታላቅን «እርስዎ» ማለት፣ ሲናገር አለማቋረጥ፣ ቃሉን አለመመለስ ግዴታ ነው ይላል። ቤታቸው ውስጥ ያለው የመንግሥት ድምፅ ማጉያ እንኳ ጠዋት ጠዋት ፍሬገነትን እርስዎ፣ አስካለን አንቺ እያለ ነበር የሚያወራው።

«እማማ ፍሬገነት፣ እንዴት አደሩ? ወጣት አስካለ ዛሬ ወደ ጎረቤት ልውጣ ብላለች። ይፈቅዱላታል?»

«ፍቀጂልኝ እንጂ» ትላለች አስካለ በስተጀርባ፣ ካርታዋን እየበወዘች። «ትናንት ተበልቼ ነው የወጣሁት።»

ፍሬገነት መጀመሪያ ሰሞን የምትሆነውን አጣች። ጎረቤት ሕፃን ይዞ «ይመርቁልን» እያለ በር ይቆረቁራል። ምርቃት አታውቅም። ሕፃኑን አየት ታደርግና ጨዋታ ሊጀመር ሲል እንደምትለው፣ «በርታ! ከኳሱ ዓይንህን አታንሳ!» ትላለች። ሰዉ አሜን ይላል። ከመጋላ የመጡ ዘመዳሞች ለወንድ ልጃቸው ሚስት ሊያጩ፣ ሽማግሌ አድርገው ልጅቷ ቤት ወሰዷት። በድሮው አቆጣጠር ሰባውን ያለፉ፣ ልባቸው ግን ገና ሃምሳ ቤት የሆነ ሦስት አዛውንቶች ከእግሯ ሥር ተደረደሩ። የልጅቷ አባት በትሕትና «ልጁ እንዴት ያለ ነው?» ሲላት የምታውቀውን ነገረችው።

«ቁመቱ ጥሩ ነው» አለች። «ዝላዩ ላይ ግን መሥራት አለበት።»

አባትየው ለረጅም ጊዜ አሰበበት። ታላቅ የተናገረው ነገር ነውና ሴት ልጁን ሰጠ።

አስካለ በበኩሏ አረንጓዴ ቱታ ታደላት። ከአርባ በታች የሆነ ልብ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ስታዲየም ተገኝቶ መሮጥ አለበት። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ አላት። ጉልበቷን እያሻሸች ትሮጣለች፣ ስትደክም ከአጠገቧ ያሉትን ልጆች በቀልድ ታስቃለች፣ ተመልሳ መጥታ ቱታዋን ሳታወልቅ እንቁላል የገባበት ፈጢራ ከነማሩ ትበላለች። «ወጣት ሲራብ አይጣል ነው» ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቀልዱ ቀነሰ። ከስታዲየም ስትመለስ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ግድግዳ ተደግፋ መቆም ጀመረች።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ቃር ነው። ፈጢራው ነው።»

«ፈጢራውን እኮ ገና አልበላሽውም።»

«ቀድሞ ሸቶኝ ይሆናል» አለች አስካለ።

ፍሬገነት ይግባኝ ልትል ወደ ልብ ዕድሜ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ኃላፊው አቶ ሌሊሳ የሚባል፣ ጸጉሩ ሸሽቶ ያለቀ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን ቅጠላ ቅጠል በልቶ፣ ብስክሌት ነድቶ ልቡ አሥራ ሰባት ላይ ቆሟል። ለአካለ መጠን ስላልደረሰ ውሳኔው ላይ የሚፈርምለት አሳዳጊ ያስፈልገዋል፤ አሳዳጊው ሚስቱ ናት።

«እማማ፣ ምን ልታዘዝ?»

«እማማ አትበለኝ። አብረን ነው ስምንተኛ ክፍል የተማርነው።»

«አውቃለሁ» አለ አቶ ሌሊሳ ዓይኑን ሰብሮ። «ምን ላድርግ?»

«ይሄ ስብ በልቼ ያመጣሁት አይደለም። መድኃኒቱ ነው ያዛወረው። ካርዴን ልታየው ትችላለህ። በየቀኑ እሮጣለሁ፤ በሩ ይህን ለምን አይጠይቅም?»

«በሩ የሚጠይቀው ስቡ የት እንዳለ ብቻ ነው። ከየት መጣ፣ በማን ፈቃድ መጣ፣ አይልም።» ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፍሬ፣ እኔ እኮ ከመሸ ከቤቴ መውጣት ተከልክያለሁ።»

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ሲስተር ኸድራ ዘንድ ሄደች። ሲስተር ኸድራ የክትትል ክሊኒኩ ነርስ ናት፤ እናትና ልጅን ለብዙ ዓመት ታውቃቸዋለች። የደም ግፊቷን ለካች፣ የደም ውጤቷን ተመለከተች፣ መነጽሯን አወለቀች።

«ስሚኝ። የሆድ ስብ ለልብ ጥሩ አይደለም፤ ይሄ እውነት ነው። ቫይረሱም ቢሆን ተኝቶም እያለ ደም ሥር ያስቆጣል። ልብሽ ከእኩዮችሽ ልብ ይልቅ አደጋ ላይ ነው፤ ይሄንን ልደብቅሽ አልችልም። ለዚህ ነው የኮሌስትሮሉን ኪኒን ያስጀመርኩሽ፤ እንዳታቋርጪ። ጨው ቀንሺ። ሩጫሽን አትተዪ። ግን አደጋ ሌላ፣ ዕድሜ ሌላ። ልብሽ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጠባቂ የሚፈልግ አርባ ስድስት።»

«ለበሩ ንገሪልኝ።»

«በሩ እኔን አይሰማም። ይልቅ እኔን የምታሳስበኝ እናትሽ ናት።»

«እሷማ ሠላሳ ስምንት ናት» አለች ፍሬገነት በምሬት።

«ክንዷ ላይ ስብ ስለሌለ ደም ሥሯ ንጹሕ ነው ያለው ማነው? ፊቷ እንዲያ የሟሸሸውም እኮ በዚያው መድኃኒት ነው። በሩ ቀጭን ሲያይ ወጣት ይመስለዋል። ለልብ ምርመራ ልልካት ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ሆስፒታሉ ከአርባ በታች አልቀበልም ይላል።» ሲስተር ኸድራ መነጽሯን መልሳ አጠለቀች። «ከዚያ ሩጫ አስወጪያት።»

ፍሬገነት በዚያው ዕለት እናቷን ከስፖርት ለማስቀረት ለድምፅ ማጉያው አመለከተች። ድምፅ ማጉያው የወጣቶች ጉዳይ ለታላቆች እንደማይነገር በአክብሮት መለሰላት።

አስካለ የወደቀችው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ከስታዲየም መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ቱታዋ በላብ ርሶ ጠቁሯል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። «ፍሬ» አለች፣ በቀኝ እጇ ግራ ክንዷን ይዛ። «ደረቴ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል።» ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወደ መሬት ተንሸራተተች።

ፍሬገነት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ደወለች።

«የታማሚዋ የልብ ዕድሜ?» አለ ድምፁ።

«ሠላሳ ስምንት፤ ግን ስሙኝ፣ ደረቷን…»

«ወጣቶች ላይ የደረት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ጭንቀት ነው። አይዞዎት እማማ። ለልጅቷ የሚያረጋጋ ዋሽንት ልክፈት?»

ዋሽንቱ ተከፈተ። አስካለ ወለሉ ላይ ሆና፣ «ምንድነው ይሄ ደግሞ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

ፍሬገነት የእናቷን ፊት አየች። ዘጋችውና እንደገና ደወለች።

«ፍሬገነት መንበሩ እባላለሁ። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ደረቴን።»

አምቡላንሱ ስልኩ ሳይዘጋ ደረሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ፈርጣማ ወንዶች ዘለው ወረዱና ፍሬገነትን ከቆመችበት ብድግ አድርገው አልጋው ላይ አስተኟት። «እማማ፣ አይናገሩ። አይንቀሳቀሱ። እግዜር ከእርስዎ ጋር ነው።» አንደኛው መሬት ላይ የተቀመጠችውን አስካለን አየና ተቆጣ። «እቺ ወጣት ምን ዘርፍጣ ትቀመጣለች? ተነሺና በሩን ክፈቺልን!»

«ልጄ ናት» አለች ፍሬገነት። «ያለ እሷ አልሄድም።»

የታላቅ ቃል አይመለስም። አስካለን ደግፈው አስገቧት። በሩ ተዘግቶ መኪናው ሲንቀሳቀስ ፍሬገነት ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አሁን እኔ ልውረድ፣ እሷ ትተኛ።»

«እማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቻልም። ደንብ አለን።»

«ካልሆነ እረግማችኋለሁ።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ለደም መፍሰስ፣ ለስብራት፣ ለቃጠሎ ሠልጥነዋል። ስለ እርግማን ያስተማራቸው የለም። ከዚህ በፊት አንድ ባልደረባቸው በዘጠና ዓመት ሴት ተረግሞ ጸጉሩ ረግፏል ይባላል። ፍሬገነትን አወረዱ፣ አስካለን አስተኙ፤ የመኪናውን መሣሪያ ደረቷ ላይ ለጠፉ። መሣሪያው ጮኸ።

«እማማ ፍሬገነት፣ የልብዎ ደም ሥር ተዘግቷል» አለ። «አይዞዎት። ሆስፒታሉ ተነግሮታል።»

አንደኛው ሰው ዓይኑ ፈጠጠ፤ ያለ አንዳች ጥያቄ አስፕሪን አውጥቶ አስካለን «አኝኪው!» አላት፤ ከዚያ ደነገጠና «ያኝኩት!» ብሎ አረመ።

«እኔ… አስካለ ነኝ» አለች አስካለ እያኘከች።

«ዝም በይ እማዬ። ለጊዜው እኔ ነሽ።»

«አንቺስ ማነሽ ታዲያ?»

ፍሬገነት የእናቷን ግንባር በመዳፏ ጠረገች። «እናትሽ» አለቻት። አስካለ ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ትስቅ ነበር። አሁን እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ዓይኗን ከደነች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሐኪሙ «ማናት ፍሬገነት?» ብሎ ጮኸ። ፍሬገነት ወደ እናቷ ጠቆመች። ይዘዋት ሮጡ። የተዘጋውን ደም ሥር ከፍተው መልሶ እንዳይዘጋ ትንሽ የሽቦ ቱቦ አኖሩበት። ሐኪሙ ሲወጣ ላቡን እየጠረገ፣ «ግማሽ ሰዓት ቢዘገዩ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር» አላት። ፍሬገነት አመሰገነችና መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውሃውን ከፍታ፣ ማንም ሳይሰማት አለቀሰች።

አስካለ ቤቷ ገብታ አልጋ ላይ እያለች ነው ድምፅ ማጉያው ጠዋት ላይ እንደ ልማዱ የተናገረው።

«እማማ ፍሬገነት፣ እንዴት አደሩ? የልብዎ ደም ሥር በተሳካ ሁኔታ ስለተከፈተ ዕድሜዎ ተሻሽሏል። አርባ አራት ሆነሻል፤ እንኳን ደስ አለሽ። ሰኞ ወደ ሥራሽ ተመለሺ።» ከዚያ ቀጠለ። «ወጣት አስካለ፣ ከስፖርት በተደጋጋሚ ቀርተሻል። ሰኞ ካልተገኘሽ ታስረሽ ትመጫለሽ።»

እናትና ልጅ ተያዩ።

ፍሬገነት ሁሉም ነገር ገባት። ዝም ካለች ሥራዋ ይመለስላታል። ሰሚራ፣ ሜዳው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጮኸው ሕዝብ። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ ተመልሳ እማማ ትሆናለች፣ ዋሽታ አምቡላንስ የጠራች እማማ።

«ሂጂ ሥራሽን ያዢ» አለች አስካለ። «እኔ እሮጣለሁ። ቀስ ብዬ እሮጣለሁ።»

«ሽቦ ተክለውብሽ?»

«ሽቦውም አብሮኝ ይሩጥ።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ፍሬ፣ ያኔ ሳላውቅ የሰጠሁሽ ነገር አለ። አሁን አንዴ እያወቅሁ ልስጥሽ።»

«ይሄን ነገር መቼ ነው የምትተዪው? ያኔ የሰጠሽኝ እኮ ሽሮፑንም ነው። አፍንጫዬን ይዘሽ፣ እየረገጥኩሽ፣ ሁለት ጊዜ በቀን።»

«ትረግጪ ነበር፤ እውነት ነው» አለች አስካለ። «ያኔ ነው የመረብ ኳስ እግር ያወጣሽው።»

«መረብ ኳስ በእጅ ነው እማዬ።»

«ስፖርት አላውቅም፣ አልኩሽ እኮ።»

ሰኞ ጠዋት ፍሬገነት ወደ ሳቢያን የሚሄደውን መንገድ ትታ ወደ ከዚራ ታጠፈች። አቶ ሌሊሳ አርባ አራት ዓመት የሆናትን ጓደኛውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ፍሬ! ተሻለሽ!»

«አልተሻለኝም። የተከፈተው የእናቴ ልብ ነው» አለችና ሁሉንም ነገረችው። «እናቴን አሮጊት አድርግልኝ፣ ሌሊሳ። በሩ አያያትም፤ ሆስፒታል ያለውን እይ። እንደዚህ ያለ ልብ ይዛ ሩጪ ሊሏት አይችሉም።»

አቶ ሌሊሳ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ይህን ካረምኩ ሰማንያ አንድ ትሆኛለሽ። ሥራው ይቀራል። በሐሰት አምቡላንስ መጥራት ደግሞ ጥፋት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም መፈረም አልችልም። ባለቤቴ እስክትመጣ ጠብቂ።»

ወይዘሮ ጦይባ ከገበያ መጣች፤ በአንድ እጇ ጎመን፣ በሌላው ካሮት አንጠልጥላ። የስልሳ አንድ ዓመት ልብ ያላት፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። ባሏ ነገሩን ከደንቡ ጋር እያጣቀሰ ሲያስረዳት ጎመኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አዳመጠች።

«ጥፋቷ ምኑ ላይ ነው?» አለች።

«በሌላ ሰው ልብ…»

«እናቷን አሳከመች። አንተ ያንተን እናት ብስክሌት ላይ ሆነህ ነው የምታያት። ወዲህ በል።» ፈረመች። ከዚያ ፍሬገነትን ሽቅብ አየቻትና አሁን የፈረመችው ነገር ትዝ አላት። «ይቅርታ እማማ፣ ቆመው አስጠበቅኩዎት» ብላ ጉልበቷን ሳመች።

አስካለ ዘጠና ሦስት ሆነች። አረንጓዴው ቱታ ተወሰደባት፤ ኪኒን በኪኒን ላይ ታዘዘላት፤ ፈጢራው በሲስተር ኸድራ ትዕዛዝ በወር አንዴ ሆነ። ይህንን የመጨረሻውን ፍርድ ከሁሉ የከፋ ብላዋለች። ካርታ ስትጫወት አሁን ማንም ሊበላት አይደፍርም፤ ዘጠና ሦስት ዓመት የሆናት ሴት ስትሸነፍ ማየት ነውር ነው። ጎረቤቶቿ እያወቁ ጥሩ ጥሩውን ካርታ ይጥሉላታል፤ እሷም ጨዋታው ጣዕም አጣ ብላ ታኮርፋለች።

የሳቢያኑ ትምህርት ቤት ያለ አሠልጣኝ በተከታታይ ሲሸነፍ ቆይቶ አቶ መሐዲ ራሱ ቤታቸው መጣ። እማማ ፍሬገነት ከጨዋታ በፊት ቡድኑን እንዲመርቁ ጠየቀ። ምርቃት ሥራ አይደለም፤ የሚከለክለው ደንብ የለም። ምርቃትን ማቋረጥ ግን በአዋጅ ክልክል ነው። ፍሬገነት ከዘራዋን ይዛ ሜዳ ገባች። ልጆቹ ተንበረከኩ።

«ሰርቪሳችሁ መረቡን ይለፍ» አለች።

«አሜን!»

«ሰሚራ፣ ክርንሽን የሚያጥፈውን ክፉ መንፈስ ያርቅልሽ። ነገር ግን አንቺም አትጠፊው።»

«አሜን!»

«ከኋላ ያላችሁት፣ ኳሷ ስትመጣ አንዷ ‹የኔ!› ትበል። ሁለታችሁም ካላችሁ በረከቴ አይደርሳችሁም። አሁን ተነሡና አሳዩኝ፤ ምርቃቱ አላለቀም።»

ምርቃቱ ሙሉ ከሰዓት ወሰደ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ይመረቃሉ። አቶ መሐዲ ዳር ቆሞ አሜን ይላል።

የቀረው የአምቡላንሱ ጥፋት ነበር። ከሰማንያ በላይ የሆነን ሰው ማሰር አይቻልም፤ መገሠጽ ብቻ ነው። ተግሣጽ ደግሞ የሚሰጠው በታላቅ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከፍሬገነት የሚበልጥ ሰው ሲፈልግ ከረመ። ከተማው ውስጥ ካሉት ጥቂቶች ግማሾቹ አልጋ ላይ ናቸው፤ አንዱ ጆሮው አይሰማም። በመጨረሻ አቶ ሌሊሳ ለፍሬገነት በጣም ቅርብ የሆነችውን መረጠ።

አስካለ ነጠላዋን አደግድጋ ጽሕፈት ቤቱ መጣች። ወንበር አልፈለገችም። አቶ ሌሊሳ ቆመ፣ ወይዘሮ ጦይባ ቆመች፤ ፍሬገነት አንገቷን ደፍታ ፊቷ ቆመች። አስካለ ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ቀጫጭኖቹን እግሮች፣ ሆዷን፣ ማጅራቷ ላይ ያለውን እብጠት። አቶ ሌሊሳ ተግሣጹን የረሳች መስሎት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፍሬገነት!» አለች አስካለ።

«አቤት።»

«ሁለተኛ እኔን ሳታስፈቅጂ እናቴ እንዳትሆኚ።»

ፍሬገነት አንገቷን ይበልጥ ደፋች።

«ሰማሽ?»

«እሺ እማዬ።»

«በይ ነይ፣ እንሂድ» አለች አስካለ፣ እጇን ይዛ። «ቀስ እያልሽ ታዲያ። የሮጥኩት ይበቃኛል።»